የእትዬ ዝንጅብል ሜትር

ልጅ የሚያሳድግ ሰው የትም ይኑር የት፣ ከደጃፉ ጥቂት እርምጃ ርቆ አንዲት ሴት አለች። የልጁ አፍንጫ ገና ማሳከክ ሲጀምር እሷ በሩን አንኳኩታለች። በአንድ እጇ የሚጨስ ኩባያ ይዛለች፣ በሌላው የልጁን ግንባር ትዳብሳለች። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም። እንደዚያም ሆኖ ስለ ልጅ በሽታ ተጠይቃ "እንጃ" ስትል የሰማት የለም። እናንተም ታውቋታላችሁ፤ አሁን ይህን ስታነቡ ፊቷ መጥቶባችኋል።

የእኛ ህንጻዋ እትዬ ዝንጅብል ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ከጀርባቸው ብቻ ነበር የሚባለው። አንድ ቀን አንዱ ልጅ አምልጦት ፊት ለፊት "እትዬ ዝንጅብል" ሲላቸው፣ ሳይቆጡ "አቤት" ብለው ዞሩ። ስሙ የጸደቀው ያን ቀን ነው።

ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። የሚኖሩትም የሚሠሩትም ምድር ቤት ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናቸው አለ፤ ከመኪናው በላይ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች ተኮልኩለዋል። ግማሾቹ ውስጥ የልብስ ቁልፍ አለ፣ ግማሾቹ ውስጥ የደረቀ ቅጠልና ቅመም። የቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሁልጊዜ አይደለም። አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ቅርንፉድ ጣል አድርገው ባፈሉልኝ ሻይ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ቁልፎች አገኘሁ። በማንኪያ አውጥቼ ሳሳያቸው ቅንጣት አልደነገጡም። "ከሸሚዝህ የጎደሉትም ሁለት ናቸው፤ አውልቀው ልትከልልህ" አሉኝ። ጉሮሮዬ ግን በማግሥቱ ተሽሎኝ ስለነበር አፌን ሞልቼ መክሰስ አልቻልኩም።

ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የልብ ማዳመጫ አለ አይደል? ክብርት እትዬም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ኩራት፣ ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር ያንጠለጥላሉ። የህንጻውን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ የሚሰፉት እሳቸው ስለሆኑ የእያንዳንዱን ልጅ የደረት ልክ በቃላቸው ይዘውታል። ስም ይረሳሉ፤ ልክ አይረሱም። ደረጃው ላይ "አንቺ ስድሳ ሁለት፣ የጫማሽን ክር እሰሪ" የሚል ድምፅ ከተሰማ የሚናገሩት ለስምንት ዓመቷ ልጄ ነው። ትንሹን የሦስት ዓመቱን ልጃችንን እኛ ድንቡሼ እንለዋለን። ለእሳቸው ሃምሳ አንድ ነው።

ማንኛውም ምርመራ የሚጀመረው በአንድ አባባል ነው። ልጁን ከላይ እስከ ታች ያዩታል፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ያስተካክላሉ፣ ከዚያ "ይሄማ የኔ ነው" ይላሉ። ሳል? ይሄማ የኔ ነው። የሆድ ቁርጠት? የኔ ነው። ጥርስ ማብቀል፣ ስቅታ፣ ቅማል፣ ምግብ እንቢ ማለት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ ሒሳብ መጥላት፣ ሁሉም የሳቸው ነው። የዓለም ልጆች በሽታ በሙሉ በስማቸው የተመዘገበ ርስት ይመስላል።

ቀጥለው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። "ምን በላ? እንዴት አደረ? ማን ተቆጣው?" የሦስቱ መልስ እስኪሰጣቸው ድረስ አንድም ጠርሙስ ከመደርደሪያው አይወርድም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ሐኪም ይጠይቃል። ሦስተኛውን ግን ከሳቸው በቀር ሲጠይቅ የሰማሁት የለም፤ ለብዙ ጊዜም ያስቀኝ ነበር።

አሁን የቤቴን ጣጣ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ከመስታወት ጀርባ ቆማ፣ "ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ" እያለች የምትውል ሴት ናት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፋርማሲስት፣ ምድር ቤት ዝንጅብል፣ መሃል ደረጃው ላይ ደግሞ እኔ። የዚህን መልእክት ለዚያ፣ የዚያን መልስ ለዚህ ሳመላልስ ጉልበቴ አለቀ።

የመጀመሪያው ፍጥጫ በጉንፋን ምክንያት ነበር። ባለቤቴ በትሕትና ጀመረች። "እትዬ፣ ጉንፋን ቫይረስ ነው። በሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም።"

"ጎሽ" አሉ እትዬ። "እስኪድን ድረስስ ምን ይጠጣል?"

ባለቤቴን ፋርማሲው ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ዝንጅብል በማር ጠጡ፣ እየጠጡም በሞቀ ክፍል ውስጥ ተረት ሰሙ፤ በስምንተኛው ቀን ዳኑ። በራሱ ዳነ ወይስ በዝንጅብሉ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ባለቤቴ ግን ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ "ዝንጅብሉ አይጎዳም" አለችኝ። "አይጎዳም" በባለቤቴ አንደበት ሜዳሊያ ማለት ነው።

የሽንኩርቱን ነገር ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሐቅ ሐቅ ነው። እትዬ የተቆረጠ ሽንኩርት ካልሲ ውስጥ ተደርጎ ቢታደር ጉንፋን ይስባል ብለው አመኑ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ልጄ እንዲሁ አድራ ካልሲዋን ሳትቀይር ትምህርት ቤት ሄደች። አራት ሰዓት ላይ አስተማሪዋ ደወለችልኝ። "ልጅቷ ደህና ናት" አለችኝ፣ "ክፍሉ ግን ደህና አይደለም።" ወርጄ ለእትዬ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። "አየህ፣ ጉንፋኑ ወጥቷል ማለት ነው።" ወጥቶ የት ገባ ብላቸው፣ "ይሄኔ አስተማሪዋ ጋ ነው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት እግር ላይ መደረጉ ቀርቶ ወደ ድስቱ ተመለሰ።

እንዲህ እየተሳሳቱ ደግሞ ማንም ያልደረሰበት ነገር ላይ ይደርሳሉ። ልጄ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጥቶባት አንድ ወር ሙሉ ሁለት ዓይነት ቅባት ስንቀባት ከረምን። እትዬ ቅባቱንም ሽፍታውንም አላዩም፤ አንገትጌውን ገልብጠው አዩ። ከገበያ የገዛነው ሸሚዝ ነበር። ከውስጥ በናይሎን ክር የተሰፋ ቁራጭ ጨርቅ፣ የልብሱ ቁጥር ያለበት፣ ቆዳዋን ሲፍቃት ኖሯል። በመቀስ ቀጭ አደረጉት። "ሳሙናውንም ለውጡት፣ ልብሱም ሁለቴ ይለቅለቅ" አሉ። በሳምንቱ አንገቷ ጠራ። "ሰውነት ላይ ከማድረግ በፊት ከሰውነት ላይ ማንሳት" ብለው ለባለቤቴ ሲያብራሩላት በጨዋነት አንገቷን ነቀነቀች። ቅባቶቹን እሷ ነበረች ያመጣቻቸው።

ሳቄን ያስዋጠኝ ግን ማክሰኞ ነው። ስድሳ ሁለት በየማክሰኞው ጠዋት ሆዷን ይቆርጣታል። ሽሮፕ ሰጠናት፣ የሰገራ ምርመራ አደረግን፣ ወተት አቋረጥን። ማክሰኞ ሲመጣ ሆዷን ይዛ ትጎብጣለች። አንድ ማክሰኞ ወደ ምድር ቤት ይዣት ወረድኩ። ምን በላች፣ እንዴት አደረች፣ ማን ተቆጣት።

"ማንም አልተቆጣኝም" አለች ልጄ።

"ማክሰኞ ምን አላችሁ?" አሉ እትዬ፣ ክር በመርፌ እያስገቡ፣ ሳያዩዋት።

"ንባብ።"

"እንዴት ነው የምታነቡት?"

"ቆመን።" ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፤ "ስሳሳት ይስቃሉ።"

እኔ አባቷ ነኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሆዷ ጠይቄያት ስለ ማክሰኞ አልጠየቅኋትም። እትዬ መርፌውን አስቀመጡ። "ይሄማ የኔ ነው" አሉ። መድኃኒቱ ይህ ነበር፤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ልጅቷ ስፌት መኪናው አጠገብ ቆማ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሳቸው መኪናውን ያንቀሳቅሳሉ። መኪናው ስለሚንጫጫ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አለባት፤ ስትሳሳት ማንም አይሰማትም። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ራሱ ዳነ። ለክብራቸው ሲሉ ከንባቡ በፊት አንድ ኩባያ የሞቀ ነገር ያጠጧት ነበር፤ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ውሃ ነው፣ አትንገራት" አሉኝ።

ከባለቤቴ ጋር የለየለት ጠብ ያጣላቸው ማር ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን የሰባት ወር ሕፃኗ አሳለ ስትል፣ እትዬ ማንኪያና የማር ጠርሙስ ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ባለቤቴ ከላይ ስትወርድ ተገናኙ።

"እትዬ፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም።"

"ማር? ይሄ ንጹሕ ማር?"

"ንጹሑም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም አለ። እኛን ምንም አያደርገንም፤ የጨቅላ አንጀት ግን አይችለውም። ልጁን ሊያሽመደምደው ይችላል።"

ይህን ያለችው እናትየው እየሰማች ነው። እትዬ ማንኪያውን እንደያዙ ዞረው ወረዱ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ የለም፣ ኩባያ የለም። በዚያው ሳምንት ለልጄ የሰፉት ዩኒፎርም ሲመጣ ግራ እጅጌው ከቀኙ ሁለት ጣት አጥሮ ተገኘ። አርባ ዓመት የሰፉ ሰው ናቸው፤ በስህተት ነው ብሎ የሚያምን ይመን።

በስምንተኛው ቀን እጅጌውን እንዲያስተካክሉልኝ ብዬ ስወርድ የማሩ ጠርሙስ ልብስ ለብሶ አየሁት። ነጭ ጨርቅ ልክ እንደ ቀሚስ ተሰፍቶለት፣ በቀይ ክር "ዓመት ላልሞላው አይሰጥም" ተብሎ ተጠልፎበታል። ፊደሉ ያምራል። ለሁለተኛ ፎቋ እናት ደግሞ፣ "እኔ እኮ ድሮም እላለሁ፣ ለጨቅላ ማር ምን ያደርግለታል" ሲሉ በጆሮዬ ሰማኋቸው። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቅ ገድሏት "ድሮም እላለሁ?" እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ እትዬን የምታይበት ዓይን ተለወጠ። የሚማር ሰው ትወዳለች።

አንድ ቀን እትዬ ጉርድ ቀሚስ ሊለኩላት እጇን አስነስተዋት፣ አፋቸው ሙሉ ስፒል ነክሰው ሳሉ፣ ባለቤቴ መልስ መስጠት እንደማይችሉ ስታይ ዕድሉን ተጠቀመችበት። "እትዬ፣ የእርስዎ ያልሆነውን ልንገርዎት። የጨቅላ ትኩሳት የእርስዎ አይደለም። የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ልጅ የእርስዎ አይደለም። አልነቃ ያለ ልጅ፣ ሰገራው ላይ ደም ያለበት ልጅ የእርስዎ አይደለም። አየር ሲያስገባ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚልም የእርስዎ አይደለም። ትንፋሹን በሰዓት ይቁጠሩት፤ በደቂቃ ከአርባ ከበለጠ ወደ ሐኪም ነው።"

እትዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ቀሚሱ ላይ ሰኩ። አፋቸው ባዶ ሲሆን፣ "ሁሉንም ወሰድሽው" አሉ። "ለኔ ምን ቀረ?"

ባለቤቴ አሰበች። "ማክሰኞ የእርስዎ ነው" አለቻቸው።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ለሦስት ቀን ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። በሄደችበት ቀን ድንቡሼ አሳለ። እኔ በዚያን ጊዜ የለየለት የዝንጅብል አማኝ ሆኜ ነበር፤ በእውቀት ሳይሆን በስንፍና። የባለቤቴ ሕክምና ወረፋ አለው፣ ካርድ ማውጣት አለው፣ መቀመጥ አለው። የእትዬ ሕክምና በኩባያ ሆኖ ቤት ድረስ ይመጣል። ሁለት ቀን እሳቸው እያፈሉ፣ እኔ እያጠጣሁ ከረምን። በሁለተኛው ቀን ማምሻውን ትኩሳቱ ጨመር አለ፤ ጉንፋን ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ተኝቶ መጫወቻ መኪናውን እንኳ አልነካም። ባለቤቴ በስልክ "አተነፋፈሱ እንዴት ነው?" ስትለኝ "ደህና ነው" አልኳት። ሳላየው ነው ያልኩት። ይህን እዚህ የጻፍኩት ሌላ ቦታ ለመናገር ስለማልደፍር ነው።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤው ወረድኩ። በሩን በእግሬ ገፋ አድርጌ፣ ላስቃቸው ብዬ፣ አባባላቸውን ነጠቅኋቸው። "እትዬ፣ ይሄማ የእርስዎ ነው።"

ሳቁ። "ሃምሳ አንድ፣ ና እስቲ ልለካህ" አሉት። ሲለኩት ይወዳል፤ ሜትሩ ሲያርፍበት ስለሚኮረኩረው ይንፈራፈራል፣ ሁልጊዜም ከምርመራው በፊት ለጨዋታ ይለኩታል። ያን ቀን ሸሚዙን ገልበው ሜትሩን ከደረቱ ዝቅ አድርገው ሲጠመጥሙበት አልሳቀም። ዓይኑን ብቻ ወደ እሳቸው አዞረ።

ልብስ ሰፊ ልጅ ሲለካ ሜትሩን በሁለት ጣት ይይዛል። ልጁ አየር ሲያስገባ ሜትሩ ጣቱ ላይ ይጠብቃል፣ ሲያስወጣ ይላላል። እትዬ በዚህ ጣት አርባ ዓመት ኖረዋል። አሁን ልጁ አየር አስገባ፤ ሜትሩ ላላ። ጠበቁ። እንደገና አስገባ፤ እንደገና ላላ። ጎንበስ ብለው ጎኑን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት አንስተው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

"ማሩን ትንሽ ጠንከር ብናደርግለት" አልኩ።

"ዝም በል።"

እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ደቂቃው እስኪሞላ ቆጠሩ። ሦስቱን ጥያቄዎች አልጠየቁም፣ ወደ መደርደሪያውም ዞር አላሉም።

"ትንፋሹ ከደረቱ ልክ በለጠ" አሉ። "ይሄ የኔ አይደለም።"

አልገባኝም። "እትዬ?"

"ይሄ የኔ አይደለም አልኩህ። ጫማህን አድርግ።"

እግሬን ሳይ ለካ በካልሲ ነው የወረድኩት። ቢሆንም ተከራከርኩ፤ እውነቱን ልናገር ብያለሁና። "አንድ ኩባያ ሰጥተነው ትንሽ እንየው። እናቱ ነገ ትመጣለች።"

"ነገን ማን ሰጠህ?" አሉ፣ ልጁን ከእጄ እየወሰዱ። "ተነስ።"

ሮጬ ወጥቼ ጫማዬን አደረግሁ። ስወርድ እሳቸው በነጠላ ጫማ፣ ደረታቸው ላይ መርፌዎቻቸው እንደተሰኩ፣ መንገድ ላይ ቆመዋል። ልጁን በአንድ ክንዳቸው ቀጥ አድርገው ይዘው፣ በሌላው ቢጫውን ሜትር እንደ ፍተሻ ገመድ በመንገዱ ላይ ዘርግተውታል። አንድ መኪና ፍሬን ይዞ ቆመ። ሹፌሩ ሊሳደብ አንገቱን አወጣ፤ ልጁን ሲያይ የኋላውን በር ከፈተ። ቀልቤ ተገፎ ነበር፤ መንገዱን የነገሩት እሳቸው ናቸው። እኔ የማስታውሰው "አታስተኛው፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ" ሲሉኝ ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ወረፋ ነበር። እትዬ ወረፋውን በክርናቸው አልፈው ነርሷ ፊት ቆሙ። "ሲያስገባ ይላላል" አሏት። ነርሷ ግራ ገብቷት አየቻቸው። ሸሚዙን ገለቡላት። አንድ ጊዜ አየች፣ ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ ልጁን ተቀብላ ገባች።

የሳንባ ምች ነበር። ኦክስጅን አደረጉለት፣ መርፌ ጀመሩለት። ወጣቱ ሐኪም ሊያነጋግረን ወጣ። "በጊዜ ነው ያመጣችሁት፤ ይድናል" አለ። "እስከ ነገ ቆይቶ ቢሆን ግን…" አለና ተወው። እኔ በልቤ ጨረስኩት፤ አሁንም አንዳንዴ እጨርሰዋለሁ። ሐኪሙ ቀጠለ። "አተነፋፈሱን ያየው ማን ነው?"

ዘወር አልኩ። ዕድሜ ልካቸውን ዝም ብለው የማያውቁት ሴትዮ ከኋላዬ ተሸጉጠው ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ነው። "ሜትሩ ነው" አሉ። ሐኪሙ እንዲያሳዩት ለመናቸው፤ የገዛ ደረቱን ለኩለት፣ እንዴት እንደሚጠብቅና እንደሚላላ በጣቱ አስያዙት። ከዚያ ሐኪሙ ፊቱን አዙሮ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። አየኋቸው፤ አባባላቸው ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። መልሰው ዘጉት።

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እትዬ እንደ ልጅ ቀና ብለው አዩኝ።

"ዝንጅብሉ አይጎዳም ብላለች አይደል?"

"ብላለች፣ እትዬ።"

"ትናንትና ብለካው ኖሮ።"

"ትናንት ስርጉድ አይልም ነበር" አልኳቸው። ይህን አላውቅም ነበር፤ ግን ያን ሰዓት እውነት እንዲሆን ከልቤ ፈለግሁ። እጃቸውን ያዝኩ። መርፌ የወጋቸው ጣቶች ሸካራ ናቸው። እኚህን ሴትዮ ስንት ዓመት ስቀልድባቸው ኖሬ፣ እንደ እናቴ እንደምወዳቸው ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ባለቤቴ በማግሥቱ ጠዋት ሻንጣዋን እንደያዘች ሆስፒታል ደረሰች። ድንቡሼ ተቀምጦ የእትዬን ሜትር ራሱ ላይ ጠምጥሞ ይጫወት ነበር። በአራተኛው ቀን ቤት ገባን። ልጁ እየበላ ነው፣ እየሮጠ ነው፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እየሳለ ነው። እኔ "ደህና ነው" ያልኳት ሳላየው መሆኑን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁን እያስተኛች አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ትንፋሹን ትቆጥራለች፣ ሰሐኗን ሳትነካ ትመልሳለች።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ መልስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ሥጋት ገባኝ። ይጣላሉ ብዬ፣ ማሳጠር የማያስፈልገው የልጁን ሱሪ ለሰበብ ይዤ ተከተልኳት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀምጣለች።

"ራሴን ያመኛል፣ እትዬ" አለች። ጭኗ ላይ ያለው ቦርሳ ውስጥ አራት ዓይነት የራስ ምታት ክኒን እንዳለ አውቃለሁ።

እትዬ የሚሰፉትን አቁመው ሜትራቸውን አስተካከሉ። "ምን በላሽ?"

"ምንም።"

"እንዴት አደርሽ?"

"አልተኛሁም።"

"ማን ተቆጣሽ?"

ባለቤቴ ወለሉ ላይ የወዳደቁትን የክር ቁርጥራጮች አየች። "ራሴ" አለች። "ልጄን ጥዬ ስሄድ ምን ነክቶኝ ነው? እኔ እያለሁለት፣ እኔ የማውቀውን…" ቃሉን አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን አቅፋ ተንሰቀሰቀች።

እትዬ ከመኪናው ተነሱ። "አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ?" አሉ፣ ጀርባዋን እየደባበሱ። "እጅሽን አስነስቼሽ፣ ስፒል ነክሼ። እኔ ያየሁት ባንቺ ዓይን ነው። ነበርሽ እኮ።" ባለቤቴ እስክትረጋጋ ጠበቋት። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ተንጠራርተው አንድ ጠርሙስ አወረዱ፣ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ፣ ቁልፍ አለመሆኑን በጣታቸው አረጋገጡ፣ ውሃ ጣዱ።

"ይሄማ የኔ ነው" አሉ።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ "እትዬ፣ እኔንም ራሴን ያመኛል" አልኳቸው።

ዞረውም አላዩኝም። "ወረፋ ያዝ" አሉኝ።